ኖራው እስኪደርቅ

ወይዘሮ ሸዋአየሁ በዕድሜያቸው ብዙ አልዋሹም። ዘመኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲተይብ የኖረ ሰው ለራሱ የሚሆን ውሸት የሚፈጥርበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን አንድ ውሸት ዋሹ፤ እሱንም የዋሹት ለግንበኛ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሳቸው ግን እያደር ከበደ።

ቤታቸው ካዛንቺስ ነው፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ሆቴል በቅሎባት መሐል ላይ የቀረች የጣሊያን ጊዜ ቤት። ግድግዳዋ ድንጋይና ጭቃ፣ ልስኗ ኖራ፣ ጣሪያዋ የዛገ ቆርቆሮ። ባለቤታቸው አቶ ታዲዎስ በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ መስቀል ሲቃረብ ኖራ በባልዲ በጥብጠው ቤቲቱን ዙሪያዋን ይቀቧት ነበር። ወይዘሮ ሸዋአየሁ መሰላሉን ይይዛሉ፤ ልጃቸው ልዩ እጇ እስከደረሰበት ሥር ሥሩን ትቀባለች፤ ማታ ሦስቱም ቅንድባቸው ነጥቶ እየተያዩ ይስቃሉ። አቶ ታዲዎስ ሲሞቱ መሰላል የሚወጣ ጠፋ። ልዩም አገባችና ገርጂ ቤት ተከራይታ ገባች። ቤቲቱ ውስጥ አንድ ሴትዮ፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የግድግዳ ሰዓት ቀሩ። ሰዓቱም ቢሆን ከቆመ ቆይቷል፤ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ባትሪ የሚቀይርለት ሰው አልነበረም።

አንድ ገና ላይ ልዩ ከባሏ ከዳግም ጋር መጥታ ምሳ እየበላች፣ "እማዬ፣ ማለቴ፣ በጓሮ በኩል አንድ ክፍል ብትቀጥዪ፣ የራሷ በር ያላት፣ እኛ ጠቅልለን እንገባልሽ ነበር። ኪራዩ ገደለን በቃ" አለች።

ልዩ ይህን ብላ ዶሮዋን በላች፤ ምናልባት በማግስቱ ረስታዋለች። እናት ግን እንዲህ ያለ ነገር አትረሳም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ፈቃዱን ሲያስጨርሱ አንድ ዓመት ክፍለ ከተማ ተመላለሱ፤ ከዚያ ሰው አጠያይቀው ኢብሮን አገኙ። ኢብሮ አገሩ ስልጤ ነው፤ ቄራ አካባቢ ከሦስት ያገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ደግሞ ከእጁ ይቀድማል። ቱምቢውን አንጠልጥሎ ግድግዳ ሲያስተካክል እንኳ ያወራል። የክፍሏን ሦስት ግድግዳ በብሎኬት አቆመ። አራተኛው የአሮጌዋ ቤት ጀርባ ነው፤ አዲሷ በአሮጌዋ ላይ ተደግፋ ነው የቆመችው። ጣሪያዋን አለበሰ፣ በሯን ገጠመ፣ ልስኑ ብቻ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ልዩ ደወለች።

"እማዬ፣ ኮንዶሚኒየም ወጣልን። ጀሞ ነው፣ ባለ ሁለት መኝታ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ስልኩን እንደያዙ እልል አሉ። እልልታው ከልብ ነበር፤ በልጇ ደስታ የማትደሰት እናት የለችም። ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥተው አዲሷን ክፍል አዩ። ጣሪያ አላት፣ በር አላት፣ ሰው የላትም። ጓሮው ውስጥ ብዙ ቆሙ፤ ብርድ ሲመታቸው ገቡ።

በማግስቱ ኢብሮ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ ሸዋዬ፣ ሲሚንቶ ጠፍቷል፤ ያለው ሁሉ ፎቅ ለሚሠሩት እየሄደ ነው። ልጅዎ መቼ ነው የምትገባው? ቀኗን ልወቅ ብዬ ነው" አለ።

ልጄ አትገባም ማለት ነበረባቸው። ሁለት ቃል ነው። ግን ከአፋቸው ቢወጣ ኢብሮ ምን ይላል? 'ታዲያ ምን ያደርግልዎታል? ይተዉት ወይ ያከራዩት' ይላል፤ ዕቃውን ይሰበስባል፤ በሩን ከኋላው ይዘጋል።

"ክፍሏ እንዳለቀች ትገባለች" አሉ።

ያ ዘመን ሲሚንቶ የጠፋበት ዘመን ነበር። ኢብሮ ሌላ ሥራ ደምበል አካባቢ ይዟል፤ ወደዚያ ሲሄድ ጠዋት ጠዋት ጎራ ይላል። "ዛሬም የለም እትዬ" ይላል። "ይሁን፣ ምን ይደረግ" ይላሉ። ሻይ ይሰጡታል፤ የተረፈ ብሎኬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲሚንቶ የደበቁ ነጋዴዎችን እየረገመ ይጠጣል። ወይዘሮ ሸዋአየሁም አብረውት ይራገማሉ፤ በሆዳቸው ግን ነጋዴዎቹን ይመርቁ ነበር። አገር ሙሉ በሲሚንቶ እጦት ሲያለቅስ አንዲት ካዛንቺስ ያለች ባልቴት እንዳይገኝ ትጸልያለች። እግዜር የስንቱን ይስማ።

ሁዳዴ ሊያዝ ጥቂት ሲቀረው ኢብሮ ከወትሮው በማለዳ መጣ፤ ፊቱ በርቷል።

"አልሃምዱሊላህ፣ ተገኘ" አለ። "መስቀል ፍላወር ፎቅ የሚያሠሩ ሰውዬ የተረፋቸው አለ። ነገ አስመጣለሁ። ለስኜ በሳምንት ውስጥ አስረክብዎታለሁ። ልጅዎ አልጋዋን ይዛ ትግባ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሻይ ብርጭቆውን ይዘው ቆሙ። በሳምንት ውስጥ። ከዚያ በኋላ ጠዋት በሩን የሚያንኳኳ አይኖርም፤ ክፍሏም አልቃ፣ ተዘግታ፣ ባዶዋን ትቀመጣለች። ዓይናቸው በአሮጌው ግድግዳ ላይ ሄደ፤ ኖራው እዚህም እዚያም ተልጦ የአቶ ታዲዎስ እጅ ያለፈበት ንጣት በየንብርብሩ ይታያል።

"ሲሚንቶ አልፈልግም" አሉ። "በኖራ ነው የሚለሰነው።"

ኢብሮ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"እትዬ፣ በኖራ? አሁን ማነው በኖራ የሚለስን? ነጭ ቀለም ለመቀባት ካልሆነ በቀር። ኖራ ማለት እኮ... መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። ድንጋዩ ይከተትና ውሃ ይጠጣል፤ ሲፈላ ይሰነብታል። እስኪበርድ ሳምንታት ነው። ከዚያ አንድ እጅ ይለሰናል፤ ይጠበቃል። ሁለተኛ እጅ፤ ይጠበቃል። ሦስተኛ እጅ። ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጆንያ ይለብሳል፣ ጆንያው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል። እኔም እየተመላለስኩ ማየት አለብኝ። ስቃይ ነው።"

እሱ እንቅፋት መስሎት የሚዘረዝረው ሁሉ ለሳቸው የምሥራች ነበር። ጉድጓድ፣ መጠበቅ፣ መመላለስ። ፊታቸው ላይ እንዳይነበብ ጎንበስ ብለው የብርጭቆውን ሥር ጠረጉ።

"ይኼ ግድግዳ አሮጌ ነው" አሉ፤ በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉት። "ውስጡ ጭቃ ነው። ጭቃ ደግሞ ክረምት ይጠጣል፣ በጋ ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ብታለብሰው እርጥበቱ መውጫ ያጣል። የጎረቤቴን የአሰፋሽን ቤት አላየህም? ይመርልኝ ብላ በሲሚንቶ አስለሰነች፤ በሁለተኛው ክረምት እንደ ድንች ልጣጭ ወረደላት። ኖራ ግን ከቤቱ ጋር ይኖራል።"

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። ሰው በእውነትም ይዋሻል።

ኢብሮ እራሱን አከከ። "እሺ፣ እሱ አሮጌው ነው። ሦስቱ ብሎኬት ናቸው፤ እነሱን በሲሚንቶ፣ ይኼን በኖራ እናድርግ። ያኔ ይፈጥናል።"

ደህና ሐሳብ ነበር። ደህና ሐሳብ እንዲህ የሚያስጠላበት ጊዜ አለ።

"በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ግድግዳ አልፈልግም። ምን ያስቸኩላል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላሉስ ይሂድ እትዬ" አለ ኢብሮ። "ኪራይ እየከፈለች የምትጠብቀው ልጅዎ ናት እንጂ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሻይ ጨመሩለት።

በኖራ ሆነ። ኢብሮ ጓሮው ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ከቄራ ጀርባ ከሚሸጥ ሰው የኖራ ድንጋይ በጆንያ አመጣ፤ ገልብጦ ውሃ ሲያፈስበት ጉድጓዱ እየተንፈቀፈቀ ፈላ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከሩቅ አዩት። ከአቶ ታዲዎስ ወዲህ ያች ጓሮ እንዲህ ስትጮህ ሰምተዋት አያውቁም።

ሁዳዴ ገባ። ኢብሮ ምሳ ሰዓት ላይ ከደምበል ብቅ ይልና ጉድጓዱን በእንጨት ያማስላል፤ ከዚያ አብረው ይበላሉ። ሥጋ ቢሆን ኖሮ እሱ ከሳቸው ቤት አይበላም፣ እሳቸውም ከሱ ቤት አይበሉም፤ ሽሮ ግን ሃይማኖት የላትም። ጾመኛዋና እስላሙ ከአንድ ትሪ በሉ። ሰዎቹ ብዙ እንዲመስሉ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ሁልጊዜ ለሦስት ሰው የሚበቃ ይሠሩ ነበር።

ኢብሮ እየበላ ስለ ሚስቱ ስለ ረውዳና ስለ ልጁ ስለ ሳምራ ያወራል። አገር ቤት ናቸው። ልጅቷ ስልክ ላይ ስታወራ አድጋለች፤ እሱ ግን የሚያስባት ለዐረፋ ሄዶ እንዳያት አድርጎ ነው።

"ወላሂ እትዬ፣ ሳያት አፍራ እናቷ ጀርባ ትደበቃለች። 'ማነው?' ትላለች። አባትሽ ነው ሲሏት ስልኩን ታያለች።" ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። "እርስዎ ታድለዋል። ልጅዎ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ልትሆን ነው። ሲያስነጥሳት ይሰማዎታል።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንጀራ ጨመሩለት። የዚያን ቀን ሊነግሩት አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ሰው 'ታድለዋል' ብሎ ሲቀናብዎት 'አልታደልኩም' ማለት እንዴት ይከብዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢነግሩት ደግሞ የበላውን ሽሮ ሁሉ፣ የተመላለሰበትን ሁሉ ምን ብሎ ያስበዋል? ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት።

የመጀመሪያው እጅ ተለሰነ። ኢብሮ ጆንያዎቹን ከላይ እስከ ታች ሰቀለና የማርጠቡን ሥራ ለሳቸው ሰጠ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ከጡረታ ወዲህ ሥራ አገኙ። ጠዋት ተነስተው ባልዲና ጣሳ ይዘው ወደ ክፍሏ ይገባሉ፤ ጆንያዎቹን እያንዳንዳቸውን ያጠጣሉ፤ ጆንያው ሥር እጃቸውን ሰደድ አድርገው ግድግዳውን ይነኩታል። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ ገና እንዳልደረቀ ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል። ማታም እንዲሁ። ሁለተኛው እጅ ተለሰነ፤ እንዲሁ። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ ጠዋት የሚጠብቃቸው ነገር ነበራቸውና።

ልዩ የምትመጣው እሑድ እሑድ ነው፤ ኢብሮ የማይመጣው ደግሞ እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ይህን በአጋጣሚ ነው ብለው ለራሳቸው ነገሩት፤ ልዩ አንድ ማክሰኞ ልምጣ ስትል ግን ቀበሌ ስብሰባ አለብኝ ብለዋታል።

"እማዬ፣ እስካሁን አላለቀም እንዴ?" አለች ልዩ በስልክ። እነሱ ቁልፍ ተረክበው ጀሞ ገብተዋል። "ሲሚንቶ አድርጊበትና አከራዪው በቃ። ካዛንቺስ እኮ ነው፣ በማግስቱ ነው የሚያዝልሽ።"

"ኖራ ጊዜ ይፈልጋል" አሉ።

ስቅለት ዕለት ወይዘሮ ሸዋአየሁ እንደየዓመቱ ሲሰግዱ ለመዋል በጠዋት ኡራኤል ሄዱ። ኢብሮ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሦስተኛውን እጅ እለስናለሁ ስላለ ቁልፉን ተዉለት። ሲመለሱ ጉልበታቸው ተልፈስፍሶ ነበር፤ ጓሮውን ሳያዩ ተኙ።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ባልዲና ጣሳቸውን ይዘው ገቡ። ጆንያ የለም። የክፍሏ ወለል ተጠርጓል። ግድግዳው ነጭ አይደለም፤ አመድ መስሏል። እጃቸውን አስጠጉ፤ ደረቅና ጠንካራ ነው፤ በጥፍራቸው ቢሞክሩት ጥፍራቸው ተመለሰ። በመስኮቱ ወደ ውጪ አዩ። ጉድጓዱም የለም፤ ተደፍኖ አፈሩ ተስተካክሏል።

ኢብሮ ከኋላቸው መጣ። እጁን እርስ በርሱ እያሻሸ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ይስቃል።

"አዩት?"

"ምንድነው ያደረግከው?"

"ሲሚንቶ ጨመርኩበት" አለ። "ኖራውን አልተውኩም፤ ከኖራው ጋር ቀላቅዬ ነው። ከመስቀል ፍላወሩ ሰውዬ ለምኜ ነው ያመጣሁት። በንጹሕ ኖራ ቢሆን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ነገ ፋሲካ ነው። ልጅዎ ስትመጣ 'ይኸውልሽ ክፍልሽ' ይሏታል ብዬ ነው።"

"ማን ቸኩል አለህ?" ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ራሳቸውንም አስደነገጣቸው። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በኖራ ነው አላልኩህም? ይኼ አሮጌ ግድግዳ ነው አላልኩህም?"

የኢብሮ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጅዎን ብዬ እኮ ነው እትዬ" አለ። "በየቀኑ በሩ ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ... እሷን ናፍቀው መስሎኝ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ አዩት። አዎ፣ በየቀኑ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ይጠብቁ የነበረው ማንን እንደሆነ ግን ይህ ሰው እንዴት ይወቅ? የዘሩትን ነው ያጨዱት፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ንዴታቸው ለቅሶ ሊሆን ሲል ዋጡት።

"እግዜር ይስጥህ" አሉ። "ደክሞኝ ነው። ስግደቱ ነው።"

ኢብሮ ቀለለው። ልስን ማስተካከያ ሪጋውን፣ ውሃ ልኩንና ባልዲውን በጆንያ ጠቀለለ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ "ስትገባ ይጥሩኝ፤ ዳቦ እበላለሁ" አለ። "እሺ" አሉት። በሩ ተዘጋ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ጣሳቸው ውስጥ የነበረውን ውሃ ጓሮው ላይ ደፉት።

በፋሲካው ልዩና ዳግም መጡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ስለ ጀሞ ውሃ መጥፋት አወሩ። ልዩ ወደ ጓሮ ወጥታ ክፍሏን አየችና፣ "ያምራል እማዬ። ተከራይ ልፈልግልሽ?" አለች።

"ገና አልደረቀም።"

ልዩ ግድግዳውን ነካችው። "ደርቋል እኮ።"

"ውስጡ ነው ያልደረቀ" አሉ እናት።

ልዩ እናቷን አቅፋ ሳመቻቸው፤ ከወትሮው ትንሽ አቆየቻቸው። ከዚያ ታክሲ ሳይጠፋ ብለው ሄዱ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ጀሞ ሩቅ ነው፤ በቃ።

ክፍሏ እንደዚያው ተቀመጠች። ደላሎች በየሳምንቱ ያንኳኳሉ፤ ወይዘሮ ሸዋአየሁ "ተይዟል" ይሏቸዋል። አጉል ግትርነት ነው ቢባል ልክ ነው። እንግዳ ማስገባት ግን ልዩ መቼም እንደማትመጣ በገዛ እጅ መወሰን ሆነባቸው። ጠዋት ተነስተው የክፍሏን መስኮት ይከፍታሉ፣ ማታ ይዘጋሉ። ባልዲው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አንዳንዴ እጃቸው ጣሳውን ያነሳል፤ ከዚያ ምን ሊያጠጣ እንደሆነ ግራ ገብቶት ይመልሰዋል። ለሦስት ሰው መሥራት ተዉ። ለሁለትም ተዉ። ቀን ቀን ቴሌቪዥኑን ይከፍቱና ወደ ማድ ቤት ይሄዳሉ፤ ሰው ሲያወራ ከሩቅ መስማት ብቻ ነው የፈለጉት።

ሰኔ መጣ፤ ሐምሌ መጣ። ዝናቡ አሮጌዋን ቤት ከሥሯ አረጠባት። አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከጓሮ በኩል አንድ ትልቅ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ነጠላቸውን ደርበው ሮጡ። ከአሮጌው ግድግዳ ላይ፣ በር የሚያህል ልስን ተገምሶ ወርዷል። ከሥሩ እርጥቡ ጭቃ ይታያል፤ የጭቃው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል።

ያሉት ደርሷል። ማዘን ነበረባቸው። እግዜር ይቅር ይበላቸውና ደስ አላቸው፤ ልባቸው እንደ ኮረዳ ዘለለ። ስልኩን አንስተው ደወሉ።

"ኢብሮ፣ ግድግዳው ወረደ።"

"አሮጌው?" አለ። "የኔ ጥፋት ነው። አሁን ካለሁበት መጣሁ።"

ስልኩን ሲያስቀምጡ ነው ሌላው ነገር የታያቸው። ኢብሮ ይመጣል፤ ክፍሏን ይከፍታል፤ አልጋ የለ፣ ምንጣፍ የለ፣ ልጅ የለች። ፋሲካ ካለፈ ስንት ጊዜው ነው። ምን ሊሉት ነው?

የልዩ የልጅነት አልጋ ሳሎን ጥግ ቆሟል፤ የብረት አልጋ ነው። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ፍራሹን አንስተው ጥለው አልጋውን ይጎትቱ ጀመር። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዝናብ። ከሳሎኑ በር አወጡት፤ ጓሮውን በጭቃው ላይ አሻገሩት፤ ነጠላቸው ወድቆ ጭቃ ገባ። አዲሷ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ግን አልጋው ተሰነቀረ። ቢገፉት አይገባ፣ ቢጎትቱት አይወጣ። ወገባቸው ተያዘ። አልጋውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሳሉ የውጪው በር ተንኳኳ፤ እንደተከፈተ ነበርና ኢብሮ ገባ።

በስብሷል። ጆንያውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነው የመጣው። አንዴ አልጋውን፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

"ቆይ እትዬ፣ ቆይ። እኔ ልያዝልዎት" አለና አልጋውን በአንድ ጎን ብድግ አድርጎ አስገባው። ከዚያ ቀና አለ።

ክፍሏ ውስጥ ከወደቀው ልስን ሌላ ያ የረጠበ አልጋ ብቻ ነበር። ወለሉ በቀረው በኩል እሱ ያኔ ጠርጎት እንደሄደ ነው። ከበሩ ጀርባ ባልዲውና ጣሳው ቆመዋል። ኢብሮ ሁሉንም አንድ በአንድ አየ።

"ልጅዎ... አልገባችም እንዴ?"

"አትገባም" አሉ ወይዘሮ ሸዋአየሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። "ጀሞ ቤት ወጥቶላታል።"

"መቼ?"

"አንተ ሲሚንቶ ፍለጋ ስትዞር። ልስኑ ሳይጀመር።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ኢብሮ ከወለሉ ላይ አንድ የልስን ቁራጭ አነሳ፤ በአውራ ጣቱ ፈገፈገው። ጉድጓዱን እያሰበ ይሆናል፣ ጆንያዎቹን፣ ሽሮውን፣ በሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩትን ሴትዮ። ወይዘሮ ሸዋአየሁ ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም፤ ይቆጣል ብለው ጠበቁ። ቢቆጣ ልክ ነው።

ኢብሮ ቁራጩን መልሶ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

"ያኔ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?" አለ። "ቀስ ብዬ እሠራው ነበር እኮ።"